የከሻው መኪና ድምፅ

ሰኞ፣ መስከረም 14

ዛሬም ያው። ከሰሊጥ ማሳ የወጡ የጎንደር ልጆች ሜሞሪያቸው ላይ ዘፈን ሲያስሞሉ ዋሉ። "እስክስታ ያለበት ይሁን እህቴ" ነው ሁሉም የሚለው።

ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሱቁ ፊት ፍሬን ሲይዝ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ቲማቲም ነበር የጫነው። ሁዜይፋ ሳቀብኝ። "አንቺ ፅናት! ቲማቲም እኮ ኢቃማ አይጠይቅም።" እሱ ምን አለበት? እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተወልዶ፣ ወረቀት ኪሱ ውስጥ፣ ሱቁም የራሱ። የኔ ኢቃማ፣ መኖሪያ ወረቀቱ፣ ካለፈበት ቆይቷል። ወንድሜ ባንታምላክ ደግሞ ጭራሽ የለውም። አንዴ በከሻ ተይዞ፣ ፖሊሶቹ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ለቅመው በሚጭኑበት መኪና መተማ ላይ ጥለውት፣ በእግሩ ነው የተመለሰው። ሁለተኛ ከተያዘ እስር ነው አሉ። ከቤታችን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ...

ሌሊት የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። እንቅልፉም እንቅልፍ አይደል። አንድ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 17

ጎረቤታችን ታምሬ ሲሠራ የከረመውን የካርቶን ጨዋታ ጨረሰ። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ መንገድ ስሎበታል። የሉዶ ዳይስ ትጥያለሽ፣ በቆርኪ ትሄጃለሽ። ዝናብ ወይም ጅብ ላይ ያረፈ አንድ ዙር ይቀመጣል፣ ትራክተር ያገኘ ይዘላል። ከሻ ላይ ያረፈ ወደ መተማ! እንደገና ከመጀመሪያ።

ዓርብ ዓርብ ሆሹ ውስጥ፣ ባንድ ግቢ ያለነውን ተከራዮች ሊያጫውት ነው። "ድምፅ ከሌለው ምኑን ጨዋታ ሆነ? ኮምፒውተር ላይ የምትውዪ አንቺ፣ ሥሪልኝ እንጂ" አለኝ። ዘፈን መገልበጥ እንጂ ድምፅ መሥራት የት አውቄ! እሺ አልኩት ግን። ለምን እሺ አልኩ?

መስከረም 19

ሁዜይፋ ከገበያ ያመጣው ሲዲ ላይ የድምፅ ፕሮግራም አለ። ከፈትኩት። የቁልፉ ብዛት! አውሮፕላን የሚያበሩበት ነው የሚመስለው። አንዱን ብነካ የሚፈነዳ መስሎኝ ዘጋሁት።

ሲዲው ላይ ያለው ሌላው ፕሮግራም ቀላል ነው፣ ደስ ይላል። "ለሙከራ" ይላል። ሰሊጥ ትሪ ላይ እያፈሰስኩ ዝናብ ቀዳሁ። ቁርጥ ዝናብ! ላስቀምጠው ስል "መጀመሪያ ይክፈሉ" አለኝ። በምን ካርድ? ዝናቤ ቀረ።

መስከረም 20

ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ አለ አሉኝ። ላወርደው ስል "ካሉበት አገር ማውረድ አይፈቀድም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ክው አልኩ። የት እንዳለሁ በምን አወቀ? አገሩን ካወቀ ሱቁን አያውቅም? ሶኬቱን ነቀልኩት።

ሁዜይፋ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ማዕቀብ ነው አንቺ፣ ሱዳንን ሁሉ ነው የከለከሉት። አንቺን ማን ብሎ ይፈልግሻል?" ይሳቅ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

መስከረም 24

ፋው ከተማ ያለ የሁዜይፋ ጓደኛ ኦዳሲቲን በፍላሽ ላከልን። ወይ ደስ ሲል! አንድ ቀይ ቁልፍ ነክተሽ ትቀጃለሽ። ድምፁ ስክሪኑ ላይ ዳገት ቁልቁለት ሆኖ ይታያል፣ የማትፈልጊውን ትቆርጪዋለሽ። ስትሳሳቺ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሻ አለው። አንዴ ብቻ አይደለም፣ እስከፈለግሽው ድረስ። ለፈሪ ሰው የተሠራ ነው። ወሰንኩ፣ ይሄው ነው።

ዝናቡን ደግሜ ሠራሁ። የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ሞተር ትራክተር ሆነ። ጅቡን ታምሬ ራሱ ጮኸልኝ፣ የሰፈሩ ውሾች መለሱለት።

የከሻው ቀረ።

ሰኞ፣ መስከረም 28

ቀዳሁት። እኔ ፈሪዋ!

ጠዋት ልወጣ ስል የከሻው መኪና መጣ። ባንታምላክ ከእንቅልፉ ተስፈንጥሮ በጓሮ ዘለለ። እኔ ግን... እንጃ ምን እንደነካኝ። ከቆርቆሮው በር ጀርባ ተለጥፌ ሞባይሌን ቀዳዳው ላይ ደገንኩ። ሞተሩ። የኋላ መዝጊያው ሰንሰለት ሲንቋቋ። ፊሽካው። "ኢርከብ! ኢርከብ!" እያለ ሰው የሚያስጭነው ሰውዬ። የኛን በር አልፎ ሄደ።

ባንታምላክ ሲመለስ ስልኬን ደበቅሁ። ቢያውቅ ይገድለኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 2

ምን አደረግሁ... ምን አደረግሁ።

ሁዜይፋ ላፕቶፑንና ድምፅ ማጉያውን አውሶን ነበር። ሆሹ ሞላ። ዝናቡ ሲዘንብ አጨበጨቡ። ጅቡ ላይ ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ከዚያ የታምሬ ቆርኪ ራሱ ከሻ ላይ አረፈ። የከሻውን ድምፅ ተጫንኩት። ሰው ሁሉ ብድግ! አንዱ ሻዩን ደፍቶ በሩ ጋ ደረሰ። ከዚያ ሳቁ... በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈራው ሌላ፣ የምስቀው እኔ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ድምፁን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ያኔ ነው የጓሮው ቆርቆሮ አጥር ሲንኳኳ የሰማሁት። ባንታምላክ ተኝቶ ነበር!

ሮጬ ገባሁ። አልጋው ባዶ። ጫማው እዚያው። ስልኩ ትራሱ ሥር። ከታምሬ ጋር እስከ ሰሊጥ ገበያው ድረስ ስንፈልግ መሸ። አየሁት የሚል የለም።

ጥቅምት 3

አልመጣም።

ጥቅምት 4

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ልጠይቅ? በየትኛው ወረቀቴ? ሁዜይፋ ሄዶልኝ ነበር፤ የለም አሉት። የለም ማለት አልተያዘም ነው? ወይስ ተጭኗል? ከውሸቱ ሲሸሽ እውነተኛው እጅ ላይ ወድቆ ቢሆንስ?

"የፈሪ እናት አታለቅስም" ትል ነበር እማዬ። የፈሪ እህትስ?

ጥቅምት 6

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ። ሰው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ዘጋ። ማነው? ቁጥሬን ከየት አገኘ? መልሼ ልደውል ብዬ ጣቴ እምቢ አለኝ። ሲሙን አውጥቼ ትራስ ሥር ቀበርኩት።

ጥቅምት 8

እሱ ቢሆንስ! ጠዋት ስነቃ ነው የታሰበኝ። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ? ሲሙን መለስኩ። ሱቅ ሳለሁ ያው ቁጥር ደወለ።

"ባንቴ?" አልኩ።

በሹክሹክታ፣ "ብቻሽን ነሽ?"

እሱ ነው! ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በባዶ እግሩ ሲሮጥ ትራክተር አግኝቶ፣ ወድ ኤል ሒለው በሚባል ቦታ ሰሊጥ አጫጆች ጋ ነው ያለው። ስልኩም የነሱ ነው።

"የት ነው ያሰሩሽ?" አለኝ።

"ማን አሰረኝ? ሱቅ ነኝ! ከሻ አልነበረም እኮ። የታምሬ ጨዋታ ነው፣ ድምፁን የሠራሁት እኔ ነኝ። ና!"

ቀስ ብሎ፣ "ገባኝ። አጠገብሽ ቆመዋል። ጥሪው ብለውሽ ነው። አይዞሽ እህቴ፣ አልቀየምሽም" አለኝ።

ሊዘጋው ነው! "እንዳትዘጋ! በእማዬ አፅም!"

ኮምፒውተሩ ላይ ድምፁን ከፈትኩ። ስልኩን ማጉያው ላይ ደገንኩ። ሞተሩ፣ ሰንሰለቱ፣ ፊሽካው፣ "ኢርከብ!" አቆምኩት። ከመጀመሪያው ደገምኩት። "ኢርከብ!" አቆምኩት። ደገምኩት። ቀስ ብሎ እንዲሄድ አደረግሁት፣ ሰውዬው እንደታመመ በሬ አጓራ። ወደ ኋላ አስኬድኩት፣ አፉን እንደፈታ ሕፃን ተኮላተፈ። የእውነት ከሻ እንዲህ የት ያውቃል?

በስልኩ የመጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለይቼ አላወቅሁም።

"አንቺ ርጉም" አለኝ። "እግሬ እኮ ተልጦ አለቀ።"

ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ሁዜይፋ ደንበኞቹን ወደ ውጭ አስወጣልኝ።

ጥቅምት 11

መጣ! እግሩን በጨው ውሃ አጠብኩለት። ድምፁን ከኮምፒውተሩም ከፍላሹም ከሞባይሌም አጠፋሁት፣ ሲጠፋም አሳየሁት። የታምሬ ጨዋታ አሁን ከሻ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

የሆሹ ሰው ግን አልተወውም። "ሯጩ" ይሉታል። ከጨዋታ የሸሸ ይሉታል። ይስቃል አብሯቸው፣ ጆሮው ግን ሲቀላ አያለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዛሬ ጠዋት የከሻው መኪና መጣ። ሰንሰለቱን ከሩቅ ለየሁት፤ ስንቴ ቆርጬ የቀጠልኩት ድምፅ ነው። ወዲያው ጓሮ ነኝ። አንድ እግሬን አጥሩ ላይ ሰቅዬ ዞር ስል ባንታምላክ ተቀምጦ ፉሉን ይበላል።

"ተነስ!"

"ያንቺ ነው አይደል?" አለኝ እየሳቀ።

"አጥፍቼዋለሁ እኮ! አይተሃል! የእውነት ነው፣ ተነስ!"

"ሂጂ ወዲያ። ሁለተኛ አትሸውጂኝም።"

ፊሽካው ተነፋ። አጥሩን መዝለል እችላለሁ፣ ማዶው ባዶ ነው። እሱን ጥዬ ወዴት? እግሬን አወረድኩ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩ። በራችን ላይ ሲደርስ ሞተሩ ረገብ አለ... ከዚያ አለፈ።

"አየሽ?" ብሎ ዳቦውን ፉሉ ውስጥ ነከረ።

የኔ አልነበረም አልኩት። ሳቀ።

ለሁዜይፋ ከነገ ጀምሮ ከሰዓት ብቻ ነው የምመጣው ብዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ባንታምላክ ይተኛል። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ እሰማለታለሁ።