የጎደሎ ነጋዴዋ

ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሀብተሥላሴ
ቦንጋ

አባባ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ክረምቱ አላስቸገረዎትም? ዓይንዎስ? መነጽሩ ዛሬም ኪስዎ ውስጥ ነው ወይስ አፍንጫዎ ላይ ወጣ? እማዬ ወገቧ ተሻላት? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ደስታው መሬት አላስረግጥ ብሎኛል። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን ገና ሰላም ሳንባባል "ካርድሽ እንዳያልቅ" ስለሚሉኝ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። መነጽርዎን አድርገው፣ ተቀምጠው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ፋሲካ የተለያየነው በቁጣ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ነጋዴን በደረጃ ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከላይ አስመጪ፣ ቀጥሎ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያ ቸርቻሪ፣ ወረድ ሲል ጉልት፣ ከሁሉም በታች ሱቅ በደረቴ። እኔ አየር ጤና መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፌ ብርጭቆ በቅናሽ መሸጥ መጀመሬን ሲሰሙ የት እንደሚመድቡኝ ጠፋዎት። "ስሜን መሬት ላይ እንዳታነጥፊው። እስከ መስቀል ድረስ፣ በር ያለው ሱቅ ካልያዝሽ ወንድምሽ ኢዮስያስ መጥቶ ይወስድሻል" አሉኝ። አልበቃ ብሎዎት "ከስድስቱ የተነጠለ አንድ ብርጭቆ ማን ይገዛል?" ብለው ሳቁብኝ። ንዴቱ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል፤ አልዋሽዎትም።

ሥራዬን በደንብ አላስረዳሁዎትም ነበር። መርካቶ ጋሽ ሙሐዲን የሚባሉ የቤት ዕቃ ጅምላ ሻጭ አሉ። ካርቶን ሲከፈት አንድ ብርጭቆ ተሰብሮ ከተገኘ የቀሩት አምስቱ ጤነኛ ሆነው ሳለ ገዢ ያጣሉ፤ ሰው የሚፈልገው ስድስት ነው። እንዲህ ያለው ጎደሎ መጋዘናቸው ጥግ ለዓመታት ተከምሮ ነበር። "አይጥ ከሚጫወትበት አንቺ ውሰጂው" ብለው በርካሽ ለቀቁልኝ። እኔም አንድ አንዱን እየነጠልኩ፣ ቤቱ ካለው ስብስብ አንድ ለጎደለበት ሰው ልሸጥ ተነሣሁ።

መጀመሪያ ግን የሠራሁት የጅል ሥራ ነው። ካርቶን ላይ "ታላቅ ቅናሽ፣ ክርክር የለም" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ሰው ያነባል፣ ብርጭቆውን ያነሣል፣ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ስንጥቅ ባይኖረው ቅናሽ አትልም ብለው ነው! ከጎኔ ደህና ሱቅ ያላቸው እትዬ ማራኪ ደግሞ "ዋጋ ሰባሪ" እያሉ ላላፊ አግዳሚው ያሙኝ ነበር። አንድም ገዢ የሌላት ሴት የቱን ዋጋ ትሰብራለች? በሦስተኛው ሳምንት ጽሑፉን ቀድጄ ጣልኩት። ዋጋዬን ከፍ አድርጌ ጠርቼ "ቀንሺ" እስኪሉኝ መጠበቅ ጀመርኩ። ተከራክረው፣ ሄደው፣ ተመልሰው ሲያስቀንሱኝ ፊታቸው ይበራል፤ የሚከፍሉት ግን ያው ካርቶኑ ላይ ጽፌው የነበረውን ነው። የእርስዎ ልጅ መሆኔን ያን ጊዜ አመንኩ።

ሰኔ ላይ የሰፈራችን ዕድር ንብረት ጠባቂ፣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርጭቆ ይዘው መጡ። አፉ ዙሪያ ሰማያዊ መስመር ያለው የድሮ ብርጭቆ ነው። ዕድሩ ሁለት መቶ ነበረው፤ በየለቅሶው ሲሰበር ኖሮ ሰባ ጎድሏል። መሳዩ ከገበያ ስለጠፋ ወጣቶቹ ሁሉን ጥለን ፕላስቲክ እንግዛ ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ለቀስተኛን በፕላስቲክ ማስተናገድ አሳፍሯቸዋል። "መሳዩን ታገኛለሽ?" አሉኝ። "አገኛለሁ" አልኩ። አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

ሦስት ቀን ጋሽ ሙሐዲን መጋዘን ውስጥ ከረምኩ። አፍንጫዬ በአቧራ ተደፈነ፣ ስባሪው ጣቴን ሁለት ቦታ ቆረጠኝ፣ ሠራተኞቹም ለይቶላታል ብለው ተዉኝ። በሦስተኛው ቀን ከታችኛው ረድፍ አንድ ካርቶን ስከፍት ሰማያዊው መስመር ብልጭ አለልኝ። ብቻዬን ካርቶን መሀል ቆሜ እልል አልኩ። አምስት አምስት እየሆኑ የቀሩ ነበሩ፤ ሰባው ሞልቶ ተረፈ።

የዕድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ሁለት መቶው ተደርድሮ ሻይ ተቀዳበት። አሮጌው ካዲሱ አይለይም። ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ይዘው "ዕቃ የጎደለባችሁ ብርቅዬ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሂዱ" አሉ። ስምዎን ያ ሁሉ ሰው ሰማው። ከዚያ ወዲያ ከአስኮ ዕድር መጣ፣ ከዘነበወርቅ መጣ፣ የድስት ክዳን የጠፋበት ሁሉ መጣ። ጳጉሜን ላይ ዕድሩ ከሚያከራያቸው የመንገድ ዳር ሱቆች አንዱ ሲለቀቅ፣ ስንት ባለ ገንዘብ እያሰፈሰፈ ለእኔ ሰጡኝ። የብረት በር አለው፣ አባባ! ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምጽፍልዎ።

ታፔላ የሚጽፈው ሰውዬ "ጅምላ ልበል ችርቻሮ?" ሲለኝ ያስተማሩኝን ደረጃ አንድ በአንድ አሰብኩት፤ ለእኔ የሚሆን አጣሁ። "የጎደለ ማሟያ በል" አልኩት። ከላዩ በቀይ ቀለም "ብርቅዬ ሀብተሥላሴ" ብሎበታል። ስምዎን ለማንበብ ሰው ቀና ማለት አለበት። ትናንት እትዬ ማራኪ ለራሳቸው ድስት ክዳን ፈልገው መጡና "በይ እስቲ ለእኔም ዋጋ ስበሪልኝ" አሉ። ሰበርኩላቸው፤ ግማሽ ሰዓት ካከራከርኳቸው በኋላ።

እንግዲህ ኢዮስያስ ይምጣ፤ ካርቶን የሚያወርድልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ይህን ደብዳቤ የያዘው ያገራችን ልጅ አማኑ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥዎታል፤ ቀስ ብለው ይፍቱት። በሰባት ዓመቴ የሰበርኩትን ያስታውሳሉ? ወርቃማ የወይን ዘለላ ያለበት፣ የእማዬ የሠርግ ብርጭቆ። ማንም አልመታኝም፤ ግን አምስቱን ቆልፋባቸው ለእንግዳ አንድ ቀን አላወጣቻቸውም። በዚያ ቁም ሣጥን ፊት ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ስድስተኛውን እዚያው መጋዘን ውስጥ አገኘሁት። ማን ይገዛል ብለውኝ አልነበር? እኔ ገዛሁት፣ ሳልከራከር።

ኢዮስያስን በርታ በሉልኝ። ታናሽ እኅቴን እሙን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ እፀገነትን ስለ ጸሎታቸው አመሰግናለሁ። እማዬን እቅፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝና ቁም ሣጥኑን ትክፈተው በሏት፤ ለመስቀል እንግዳ ስድስቱም ይውጡ።

ልጅዎ ብርቅዬ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.