የቀይዋ መኪና ቀኝ መብራት

ለኪሮስ፣ ለእህቴ ልጅ፣ ለዚያ ሳቂታ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ አጎትህ ዛሬ «ለጤናህ እንደምን አለህ?» ብልህ ከት ብለህ እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ዘልዬዋለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ሙት ዓመትህ ቀርቧል፤ እናትህ ጌሾውን አስወቅጣ ጨርሳለች፣ ለካህናቱም ተነግሯቸዋል። እኔ ግን እንኳን ድግስ ላሰናዳ ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶኛል። እወጣለሁ፣ ግቢውን እዞራለሁ፣ ካቻቢቴዬን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ «አያ መንገሻ፣ ላም ጠፍቶብዎት ነው?» ይሉኛል።

የጠፋብኝስ ላም አይደለም። ሰላም የነሳችኝ ያቺ ቀይ መኪናህ ናት፤ እሷም አልጠፋችም፣ አፍንጫዬ ሥር ቆማለች። እናትህ «ከሙት ዓመቱ በፊት ከዚህ ግቢ ትውጣልኝ» ብላለች። በሸራ ተሸፍና ባየቻት ቁጥር የተገነዘ ሰው ትመስለኛለች ትላለች። ምን ብዬ ልከራከራት? የወልድያ ነጋዴ ሊገዛት ይፈልጋል፤ ግን «ሁለቱም መብራቷ ካልሠራ አልወስዳትም» ብሏል። እንግዲህ ጉዴን ተመልከት። ቀኝ መብራቷን የሚሠራላት ከእኔ በቀር ሰው የለም። ከሠራሁላት ትሄዳለች። ካልሠራሁላት እናትህ እንቅልፍ አታገኝም። ጠዋት ጠዋት እጀምራለሁ፤ ምሳ ሳይደርስ ያጠበቅሁትን ብሎን መልሼ እፈታለሁ።

አገሩን ላውራህ። የኮረም መንገድ ግሬደር ገብቶበት ተደልድሏል፤ የመኪናህን ሆድ ሲቧጥጡ የነበሩት ድንጋዮች ተገፍተው ገደል ገብተዋል። አንተ ስትራገማቸው ኖረህ እነሱ ካንተ በኋላ ተነሱ። የመብራት ምሰሶ ደግሞ የእኛን ሰፈር አልፏል። እናትህ አምፖል ካስገባች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለውን አቧራ ሁሉ አየሁት ብላ ታማርራለች። እኔ ጢሜ ነጭ ሆኗል፤ ልጃገረዶች ግን አሁንም በዓይናቸው ይሰርቁኛል፣ አታምነኝም እንጂ።

መኪናዋ ከተማችን የገባችበት ቀን ትዝ ይልሃል? ሌላው ሰው መኪናውን እየነዳ ይመጣል፤ አንተ መኪናህን አይሱዙ ላይ ጭነህ፣ በማሽላ ጆንያ መሃል አስረህ አመጣሃት። ድሬዳዋ ሠርተህ ስትመለስ ቤት ይሠራል ስንል፣ ሚስት ያገባል ስንል፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት የሚልስ የእሽቅድድም መኪና ይዘህ ከች አልክ። ገበያው ተፈቶ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ጎማዋን በምርኩዛቸው ነካ አድርገው «ልጄ፣ እግሯን ምን በላባት?» ቢሉህ፣ ደረትህን ነፍተህ «አባቴ፣ ሩጫ ስለምትወድ ዝቅ ብላ ነው» አልካቸው። እኔም ዝም አላልኩም። ከውስጧ ስትወጣ ከጉድጓዱ ብቅ ያለ ፍልፈል ትመስላለህ አልኩህ። እስከ ጽጽቃ ድረስ «ፍልፈሉ ሾፌር» የተባልከው በእኔ ምክንያት ነው፤ አሁንም አይቆጨኝም።

የመብራቷ ነገር ደግሞ ለብቻው ነበር። ሳይበራ አይታይም፤ ፊቷ ልሙጥ ነው። ስታበራ ሁለት ክዳኖች ቀና ይሉና መብራቶቹ ከሥር ብቅ ይላሉ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ዓይኑን እንደሚገልጥ። በዚህ ምክንያት ሙሽራ ሁሉ በበቅሎ አልወጣም አለች። ታዲያ ያ የሰቆጣ ዙሪያው ሰርግ! ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሙሽሮቹን ይዘህ ደረስክ። የወንዱ ወገን ዳሱ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበርና፣ ለክብራቸው ብለህ መብራት አበራህ። ግራው ተገለጠ። ቀኙ ግን ተነስቶ ተመልሶ ተኛ፤ አሁንም ተነስቶ ተመልሶ ተኛ። የሙሽራው እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ኧረ ሴቶች፣ ይቺ መኪና ባሌን ጠቀሰችብኝ!» አሉ። ከዳሱ ውስጥ ሳቅ ሲፈነዳ አንተ መሪው ላይ አቀረቀርክ። ለመኪና የሚያፍር ሰው ያን ቀን አየሁ።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣህ። እኔ እንደምታውቀው ትምህርት ቤቴ የሰው ራዲዮ ነው፤ አስተማሪዬም ባጠፋሁ ቁጥር የሚነዝረኝ ኤሌክትሪክ። «አያ፣ የፋብሪካውን መብራት ነቅለን እንደ ድሬዳዋ ልጆች የራሳችንን እንሥራላት» አልከኝ። ነጭ የሚያጥበረብሩ አምፖሎች ከዚያው አስላክህ። ከአምፖሉ ጀርባ ሆኖ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልሰው ሳህን ዝጎ ስለነበር የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ጣሳ ቀደድን፤ በአመድ ፈትገን፣ ጎድጎድ አድርገን ቀጠቀጥነው። ክዳን የሚያነሱት ሞተሮችም አርጅተው ነበርና፣ በሚቀለው እንጀምር ብለን ለግራው ከወደቀ አይሱዙ ላይ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ነቅለን ገጠምንለት።

አይ ብልሃታችን! ስናበራው ክዳኑ ተገለጠ፣ ተከደነ፣ ተገለጠ፣ ተከደነ፤ ማቆሚያ የለውም። የዝናብ መጥረጊያ መሄድና መመለስ እንጂ ሌላ ምን ያውቃል? አንተ መሬት ላይ ተንከባልለህ «አያ፣ ሰርጉ ላይ ስለሳቁባት እያለቀሰች ነው፣ እንባዋን ትጠርጋለች!» አልክ። ሳቁ ሲበርድልን የበሩን ቁልፍ አሰብኩ፤ ያንን በሩ ሲዘጋ የውስጡን መብራት የሚያጠፋውን። ነቅለን ክዳኑ ሥር አደረግነው፤ ክዳኑ ቀና ሲል ኤሌክትሪኩን ቆረጠው። መዝጊያ ሌላ ቁልፍ ሠራንላት። የግራ ዓይኗ ፏ ብሎ ቀረ። ግድግዳው ላይ ያረፈውን ነጭ ብርሃን ስታይ ትከሻዬን የመታኸኝ ምት እስካሁን ይሰማኛል፤ ደግሞ አንተ እጅህ ከባድ ነበር።

ለቀኙ ሁለተኛ ሞተር ስንፈልግ የጉበት በሽታ ያዘህ። ዓይንህ ቢጫ ሲሆን «አንተም መብራት ቀየርክ እንዴ?» ብዬህ ነበር፤ እናትህ በጓዳ ልትገድለኝ ደረሰች፣ አንተ ግን ሳቅህ አልጋውን አነቃነቀው። አየህ፣ ሌላ መድኃኒት አልነበረኝም።

እዚህ ላይ አቋርጬ ወጣሁ፤ ወረቀቱን ትቼው ብዙ ቀን ቆየሁ። አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ያን ቀን ወጥቼ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቼ ብሎን ስፈታ እናትህ ያዘችኝ። መጀመሪያ በኽምጣንጋ ወረደችብኝ፤ ከልቧ ስትቆጣ አማርኛው እንደሚጠፋት ታውቃለህ። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለና በአማርኛ «ወንድም ዓለም፣ እሷን ስትነካካ ልጄ የሚመለስ መስሎህ ነው። እኔ ደከመኝ» አለችኝ። የፈታሁትን ብሎን መዳፌ ውስጥ እንደያዝኩት ቆሜ ቀረሁ።

በነጋታው በሚኒባስ አምደወርቅ ወረድኩ። እዚያ ከአንድ የእህል መጋዘን ጀርባ የተጣለ መኪና አለ ብለውኝ ነበር። ባለቤቱ ምን እንደምፈልግ ሲሰማ «የዝናብ መጥረጊያ? ለዚህ አገር? ይውሰዱት ወንድሜ፣ ዝናቡንም ይዞልን ከመጣ ምርቃት ነው» ብሎ ራሱ ነቅሎ ሰጠኝ። ተመልሼ ሳላርፍ ገጠምኩት። እጄ ይቸኩል ነበር፤ ቆም ካልኩ እንደማልጨርሰው ገብቶኛል። ስጨርስ ሸራውን አጥፌ አስቀመጥኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። ሁለቱም እኩል ቀና አሉ። ከጎኔ ትከሻዬን የሚመታ ሰው አልነበረም። ሥራው ግን ያማረ ነው፣ ብታየው አፍህን ትይዝ ነበር።

ነጋዴው ትናንት ጠዋት መጣ። ይህ መክፈቻ፣ ይህ መዝጊያ፣ ይህ የአምፖሉ ብዬ አሳየሁት። የማይሰማ ሰው እንደሚያደርገው ቶሎ ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። መብራቱን ሞከረ፣ ደስ አለው፣ ሞተር አስነሳ፣ መብራቱን እንደበራ ትቶት ከግቢ ወጣ። «ኧረ መብራትህ!» ልል አፌን ከፈትኩ። አላልኩም። በጠራራ ፀሐይ ሁለቱም ዓይኖቿ ተገልጠው፣ ነጭ ሆነው፣ የኮረምን መንገድ ስትይዝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እናትህ አላያትም ስትል ሰንብታ፣ የግቢው በር ላይ ቆማለች። እዚህ አገር በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ ሾፌር ሲያይ ሰው ሁሉ ጣቱን እየሰበሰበ እየዘረጋ እንደሚጠቁመው ታውቃለህ። እጇን ከነጠላዋ አወጣችና ከፍ አድርጋ ጣቷን ትዘረጋ ትሰበስብ ጀመር። ነጋዴው በመስታወቱ አያት መሰል፤ የምትሰናበተው መስሎት እጁን በመስኮት አውጥቶ አውለበለበላት። እሷም አላቆመችም። መኪናዋ ኩርባው ጋ ደርሳ፣ አቧራው ብቻ ቀርቶ፣ ጣቷ ይዘረጋል ይሰበሰባል። በመጨረሻ እጇን አወረደችና «አላጠፋውም» አለች። ፊቷን ሳየው ፈገግ ብላለች፤ ካንተ ወዲህ አይቼው የማላውቀውን ፈገግታ።

እኔ ይኸው እስካሁን አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነው የምጽፍልህ፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ። ያ ሰውዬ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን ካላወቀ፣ ከሰቆጣ እስከ ወልድያ መንገድ ዳር ያለው ሰው ሁሉ፣ ከብት የሚነዳው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ዛፍ ሥር የተቀመጠው፣ ለመኪናህ እጁን ሲያነሳላት ውሏል። ይህን ሳስብ ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ደስ ይለኛልም፣ ያንገበግበኛልም።

ከእንግዲህ በቀን መብራት ያበራ መኪና ባየሁ ቁጥር እጄን አነሳለሁ። ሾፌሩ ስለ መብራቱ ነው ብሎ ያጥፋው። እኔ አንተን ነው የምጠራህ፣ አንተ ፍልፈል።

አጎትህ መንገሻ፣ ከሰቆጣ