የዑስታ ሸሓታን መላጊያ ስለመመለስ

ለክቡር ኢንጂነር ራጊ
የቤት ውስጥ እንጨት ሥራ ማዘመኛ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ዱምያጥ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት፣ በተለይም በመልካም የጆሮ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ፤ ባለፈው ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሳነጋግርዎ አንዱም ቃሌ ስላልደረሰዎ ሕመም ይኖር ይሆን ብዬ ተጨንቄ ከርሜአለሁና። እኔ በሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ኒዕማት ነኝ፤ የአናጢዎች መንገድ ሰው፣ ያስተማርኩትም ያላስተማርኩትም፣ ለመምህርት በሚሰጠው ስም «አብላ» እያለ ይጠራኛል። ባለቤቴ በድራን፣ እንደ መንገዳችን የተካኑ አናጢዎች ሁሉ «ዑስታ» የሚባል፣ በቤታችን ምድር ቤት የወንበር አጽም ይሠራል። ቀደም ሲል የላክሁልዎ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ ተደላድሎ ተኝቶ ስላየሁትና እንቅልፉን መቀስቀስ ነውር ስለመሰለኝ ይህን በጋዜጣ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ለየቤቱ አንድ ትልቅ ማሽን በረጅም ጊዜ ክፍያ እንደሚሰጥና የሚያስፈልገንን እንድንመርጥ ባስታወቀን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «ምረጡ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከጥብቅ መምህራን ስለሆነ ትርጉሙን በቁሙ ወሰድኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እኔና በድራን አይብና ዳቦ ይዘን ተቀመጥንና መረጥን። ምድር ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ረጅም ጣውላ ስንቆርጥ ጫፉ በበሩ አልፎ መንገዱ ላይ ይወጣል፤ ከአንድ ትልቅ ማሽን በላይ አይችልም። በድራን በጠመኔ ወለሉ ላይ የእያንዳንዱን ማሽን ስፋት እየሣለ እየዞረ ሲያስብ አመሸ። መላጊያ ማሽን አያስፈልገንም፤ ፊት ለፊታችን ያለው ዑስታ ሸሓታ አለው። ቶርኖ አያስፈልገንም፤ ከመንገዱ መጨረሻ ያሉት ሰዎች አላቸው። በእኛ መንገድ ጎረቤት ያለውን ማሽን መግዛት ጎረቤትን መስደብ ነው። የወንበር እግር እዚያ ይላጋል፣ እዚህ ይቆረጣል፣ ወዲያ በቶርኖ ይቀረጻል፤ ወንበር ከመሆኑ በፊት መንገዱን ደጋግሞ ይሻገራል። ከመንገዱ የጎደለው ባንድሶ ብቻ ነበር፤ ስስ ስለቱ በሁለት መንኮራኩር ላይ እንደ ቀበቶ እየዞረ እንጨትን በኩርባ የሚቆርጠው ማሽን። የመንገዱ ሰው ሁሉ የወንበር እግር የሚያስቆርጠው በእኛ ነበር፤ የእኛው ባንድሶ ግን መንኮራኩሩ ተሰንጥቆ ቆመ። ስለዚህ ባንድሶ መረጥን።

ሸሓታ ይህን ሲሰማ ጣውላውን በትከሻው ይዞ ገባ። «በድራን፣ መንኮራኩሩ ሰፊ የሆነውን ጠይቅ! እንደ እግርህ የቀጨጨ አምጥተህ እንዳታሰድበን!» አለው። በድራንም «አንተ መጀመሪያ ቢላህን ሳል፤ ትናንት የላግህልኝ ጣውላ የበግ ቆዳ ይመስላል» ብሎ መለሰለት። ሁለቱ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እንዲህ ሲሰዳደቡ የኖሩ ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ የመዋደጃ ቋንቋ አልተማሩም።

አሁን፣ በትዕግሥትዎ ተማምኜ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባንድሶ ጠይቀን ሁለገብ ማሽን ስለላኩልን እናመሰግናለን። ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ ይበሳል፤ የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር በኩርባ መቁረጥ ነው፤ የዱምያጥ ወንበር እግር ደግሞ ጎበጥ ያለ ነው። ባለቤቴ አሁን ቀጥ ያለ እግር ያላቸው ወንበሮች ይሠራል። ሠርቶ ሲጨርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራቸዋል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሲነሳ የመንገዱ መብራት ስለሚደበዝዝ፣ ለጥሞና ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን በአጭሩ ለማለፍ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ይህንኑ ማሽን ለሁሉም ቤት እኩል አደሉ፤ በምትኩ አሮጌውን ማሽን ሁሉ ሰብስበው ወሰዱ። ማሽኑን ያመጣው ጨዋ ወጣት ሠራተኛዎ ላቡን እየጠረገ «ሐጃ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ከእንግዲህ የማንንም ደጅ አትጠኑም!» አለኝ። በደግነት የተናገረው ስለነበር ሻይ ሰጠሁት። በዚያው ሰዓት ማዶ የሸሓታን መላጊያ መኪና ላይ ሲጭኑ፣ ሸሓታ መዳፉን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ጫኞቹን «ቀስ በሉ፣ በግራ በኩል ያነክሳል» ሲላቸው ሰማሁ። ጫኞቹ ሳቁ።

እርስዎ የካይሮ ሰው ስለሆኑ አይፈረድብዎትም እንጂ፣ በእኛ መንገድ ወንድ በሥራ ሰዓት ባዶ እጁን ወደ ሌላው ሥራ ቤት አይገባም። የመግቢያ ፈቃዱ ትከሻው ላይ ያለው እንጨት ነው። እንጨት ይዞ የመጣ ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሰድባል፣ ይሰደባል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ልጆቹ ያወራል። እንጨት ሳይዝ የመጣ ግን ወይ ሊሰልል ወይ ሊለምን ነው። አሁን ሁሉም በቤቱ ስለሚልግ ወደ ሸሓታ እንጨት የሚወስድ ጠፋ። ሚስቱን የቀበረ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከእርስዎ ማሽን አጠገብ፣ በሩን በግማሽ ዘግቶ ይቀመጣል። የእኛ ጣውላ ጫፍ ሲወጣ ደጁን ሊነካ ይደርሳል፤ ሰው ግን አይሻገርም።

ባለቤቴን «ሂድና ጠይቀው» አልኩት።

«ምን ይዤ?»

«ራስህን ይዘህ።»

«አብላ፣ እኔ ሴት ነኝ እንዴ ቤት ለቤት የምዞር?» ብሎ ተቆጣ።

በማግስቱ ግን ያልተላገ ጣውላ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲሻገር ከመስኮት አየሁት። ሸሓታ ከወንበሩ ሳይነሳ «በምን ልላግልህ? ሲወስዱት አጠገቤ ቆመህ የለም?» አለው። በድራን «ረስቼው ነው» አለ። ረስቶት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ባለቤቴ ጣውላውን ተሸክሞ ተመለሰ። ሲወጣ የከበደው አይመስልም ነበር፤ ሲመለስ ከበደው።

አሁን መንሱራ የምትኖረው የሸሓታ ልጅ ሳፊናዝ ወደ ቤቷ ልትወስደው ነው። አባቷን የምትወድ ልጅ ናት። «አብላ፣ እዚህ ብቻውን ምን ያደርጋል? ማን ይገባል ማን ይወጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፍል ውስጥ መልስ የሌላትን ተማሪ አስቆም ነበርና ቆሜ ቀረሁ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። የሸሓታ መላጊያ በግቢዎ ውስጥ ዝናብ እየመታው ቆሟል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ዘበኛው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ያስቀምጥበታል። እባክዎ ይመልሱለት። መላጊያው በተመለሰ ዕለት የመንገዱ ሰው ሁሉ ሁለገቡ ማሽኑ እንደተበላሸበት ምሎ ጣውላውን ይዞ እንደሚመጣ አረጋግጥልዎታለሁ። እኔም እምላለሁ፤ ውሸትን በማስመሪያ ስቀጣ የኖርኩት ሴት። ሸሓታም ከእኛው ጋር ይቀራል።

ክቡርነትዎን ፈጣሪ ከክፉ ነገር ሁሉ፣ በተለይም ከመልካም ጎረቤት ናፍቆት እንዲጠብቅልኝ እየጸለይኩ፣ የጠየቅነውን ሳይሆን የማያስፈልገንን ለመስጠት ስላሳዩት የማይናወጥ ትጋት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።

አክባሪዎ፣
ኒዕማት፣ የዑስታ በድራን ባለቤት
የአናጢዎች መንገድ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ሳፊናዝ ከቀኑ ቀድማ መጣች። ዕቃው ተጭኖ ሸሓታ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። ባለቤቴ ያንኑ ያልተላገ ጣውላ ተሸክሞ ወጣና በመኪናው መስኮት በኩል አቀረበለት። ሸሓታ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በርዝመቱ አየው፣ በመዳፉ ዳበሰው። «ጠማማ ነው፣ በድራን። እንዳንተው። አምጣው፣ ነገ እልገዋለሁ» አለ። ባለቤቴም «ነገ በጠዋት አመጣዋለሁ» አለው። መኪናው ሄደ።

ስለዚህ ጥያቄዬን ሰርዣለሁ፤ መላጊያው ባለበት ይቆይ፣ የዘበኛውም ሻይ አይቀዝቅዝ። ሁለገቡ ማሽን ጠረጴዛው እጅግ ለጥ ያለ ስለሆነ የታጠበ አንሶላ አጥፍበታለሁ። ጣውላው በራችን ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ባለቤቴ ማንም እንዳይልገው ከልክሏል። ለዚያ ጨዋ ወጣት ሠራተኛዎ ግን ሰላምታዬን አቅርበው ቃሉ እንደተፈጸመ ይንገሩልኝ፤ የማንንም ደጅ አንጠናም።