ማስቲካ በመቀሱ አፍ

ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ማለቴ… አለቃን አሳበድኩት። የዘወትር ሥራዬ።

አለቃ የልብስ ስፌት ቤታችን ባለቤት ነው፤ መቀሱን ማንም እንዲነካበት አይወድም። ምሳ ሊበላ ሲወጣ ያኘክኩትን ማስቲካ መቀሱ አፍ ውስጥ፣ ሁለቱ ስለቶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ወተፍኩለት። ተመልሶ ጨርቁን ዘረጋ፣ በጠመኔ አሰመረ፣ መቀሱን ከፈተ… አልዘጋ አለው። ጨርቁን ያላምጣል እንጂ አይቆርጥም። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ጀርባው፣ ሁሉም እንደተሰመረ አንድ ረጅም ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ቀረ። ሸሚዝ የለም። ሳቄን ለማፈን ክር ነከስኩ።

ማን እንደሠራው ለማወቅ ብዙም አልደከመ። «ከዛሬ ጀምሮ መቀስ እጅሽ ላይ እንዳላይ» አለኝ። ማሽን፣ መርፌ፣ መጥረጊያ ይፈቀዳል… መቀስ ግን በፍጹም። እታለም ባትለምንልኝ በሩንም ያሳየኝ ነበር። እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ከጎኔ ያለው ማሽን የሷ ነው። እየለመነችልኝ ትስቅ ነበር፣ አይቻታለሁ።

ጥቅምት 7

መርፌ ፍለጋ የእታለምን ቦርሳ ስበረብር የመድኃኒቷን ብልቃጥ አገኘሁ። ሊሞላ ምንም አልቀረው። እስካሁን መጋመስ አልነበረበትም?

የኤች አይ ቪ ቫይረስ ደሟ ውስጥ እንዳለ የምናውቀው እኔና ባሏ ብቻ ነን። ጠየቅኳት። «ሆዴን ያስጮኸዋል» አለች። እሱስ እውነቷን ነው። ባለፈው ልኬት ስትወስድ ሆዷ ሲጮህ ደንበኛዋ ማሽን የተነሳ መስሏት ዞር አለች። ትዝ ሲለኝ ሳቅሁ። እታለም አልሳቀችም። ደህና ነኝ፣ ምን ሆንኩ፣ ብላ ፊቷን አዞረች።

ልጅ እፈልጋለሁ የምትለውስ? ነርሷ መጀመሪያ የቫይረሱ ቁጥር ይውረድ ብላት የለ? እንዴት ይውረድ… በምኞት?

ጥቅምት 9

እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷን ሁሉም ሲስተር ይላታል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬን ያየ፣ ትላለች። ወዲያው ወደድኳት።

እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለተኳረፍን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረሱ ሴላችን ውስጥ ገብቶ ዕቃዎቹን በኛ ጉልበት ያሠራል። ዕቃዎቹ ግን ለየብቻ አይመጡም፤ ተያይዘው፣ እንደ ረጅም ሰንሰለት። ታዲያ ፕሮቲዬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ መቀስ በይው አለችኝ። እሱ ይቆራርጣቸዋል፣ ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ፣ አዲሱ ቫይረስ ሌላ ሴል ለመያዝ ይደርሳል። የእታለም ኪኒን መቀሱ አፍ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል። መቀሱ መቁረጥ ያቅተዋል። ቫይረሱ ቢወጣም ጥሬ ነው፣ ማንንም አይዝም። አብረው የሚዋጡት ሌሎቹ ኪኒኖች ደግሞ ገልባጩን፣ የቫይረሱን ትእዛዝ የሚገለብጠውን ሌላ ኢንዛይም፣ ነው የሚያስቸግሩት… እሱን ለሌላ ቀን።

«ማስቲካ!» ብዬ ጮኽኩ። የአለቃን ጉድ ነገርኳት። ሲስተር በሳቅ ስትወዛወዝ መነጽሯ ከግንባሯ ወደቀ። በዚያው ተገኘ።

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ እታለም ዞረች። መዝለል ማለት ማስቲካውን አንዴ መወተፍ፣ አንዴ ማንሳት ነው አለቻት። ቫይረሱ ሲባዛ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት አንድ ቀን አፉ የተለየ መቀስ ይሠራል፣ ማስቲካውም አይገጥምለትም።

«የመጀመሪያው መድኃኒትሽ እንዲህ ነው ያመለጠን። ይሄ ሁለተኛው ነው፣ የኔ እህት። ሦስተኛውን ከየት አመጣልሻለሁ?»

ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ ለሆድሽ ይሻላል፣ አለቻት።

ጥቅምት 20

አዲስ ሕግ ወጥቷል። ምሳ ላይ እኔ «ማስቲካ?» እላለሁ። እታለም «አፉ ውስጥ ነው» ትላለች፤ ኪኒኗን ውጣለች ማለት ነው። አለቃ ሊያብድ ነው። መሳቢያ ይፈትሻል፣ ወንበር ሥር ይዳብሳል። ዛሬ አፍሽን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩ። ምላሴንም አወጣሁለት… ለምርመራው እንዲመቸው ብዬ።

ኅዳር 12

ማስቲካ? አፉ ውስጥ ነው። ሆዷም ዝም ብሏል። ጩኸቱ ናፈቀኝ።

ታኅሣሥ 3

«ማስቲካ?»

«ተውኩት። ሰለቸኝ» አለች እታለም፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ቀልድ ፈለግሁ። አልመጣልኝም። እጄ ላይ ያለውን እጅጌ ሳየው ገልብጬ ነው የሰፋሁት። ዓይኔን በቁራጭ ጨርቅ ስጠርግ ምላሷን አወጣችልኝ። ምላሷ ላይ ኪኒኗ! ውሃዋን አንስታ ዋጠችው።

«አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምታውቂበት?»

ግን እጄን ያዘች። ቶሎም አልለቀቀችኝም። ይሄን ያህል መፍራቴን ለካ እኔም አላውቅም ነበር። ቂም ይዣለሁ። እበቀላታለሁ።

የካቲት 2

ለምርመራ ደም ከሰጠች ሰነባብታለች፣ ውጤቷ ዛሬ ነው። ክሊኒክ ደርሰን እታለም አልገባም ብላ አግዳሚው ላይ ቀረች። አንቺ ጠይቂልኝ አለች። ሲስተር በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አልተገኘም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ደም ቀድተው እንዴት አይገኝም? ልጅቷ እንቅልፍ አጥታ ሰንብታ?

«ሲስተር፣ መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ ነው። እስቲ አውርጂና ደህና አድርገሽ ፈልጊ!»

ሲስተር በሳቅ እየተንፈቀፈቀች ሁለታችንንም ጎትታ አስገባችንና በሩን ዘጋች።

«ውጤቱማ ይኸው። ቫይረሱ ነው እኮ ያልተገኘው።»

ከነአካቴው ጠፍቷል ማለት አይደለም አለች። ተደብቆ አለ፤ ደሟ ውስጥ ግን ማሽኑ የሚያየው ያህል የለም። ማስቲካው አይቋረጥም። ስለ ልጁ ደግሞ ባልሽን ይዘሽ ነይና እናውራ። እታለም ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች… ሆዷ ጮኸ። ሦስታችንም ሰማነው።

የካቲት 3

እታለም ከትርፍራፊ ጨርቅ ላይ መዳፍ የምታህል ሸሚዝ አሰመረች። ልጁ ገና ወሬ ነው፤ ኮሌታው ግን ደርሷል።

«አንቺ ቁረጪልኝ» አለችኝ።

ሁለታችንም አለቃን አየን። ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ መቀሱን ከመስቀያው አወረደ። አፉን ከፍቶ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ መረመረው።

«ማስቲካ የለበትም?»

«የለም አለቃ። ሥራ ላይ ነው።»

እታለም ማሽኗ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። አለቃ ምንም አልገባውም፤ መቀሱን ግን ሰጠኝ። ከባድ ነው ለካ።

ቆረጥኩ።