ወይዘሮ ድርቤ ሞረዳ እና የአባታቸው ቡሉኮ

ወይዘሮ ድርቤ ከአባታቸው ከአቶ ሞረዳ ጉደታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንቄ ገላና በ1947 ዓ.ም. በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ኡኬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። የአቶ ሞረዳን ቡሉኮ ያየ ሰው ጠርዙን ሳይዳስስ አያልፍም ነበር። ቀይና ጥቁሩ ጥለት እንደ ወራጅ ውሃ ይታጠፋል፤ ከየት እንደተጀመረ አይታወቅም፤ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው።

በአካባቢያችን ልማድ ሰው ሲሞት ከልብሱ የተሻለው አብሮት ይቀበራል። በ1961 ዓ.ም. አቶ ሞረዳ ሲያርፉ ቤት የቀረው የመጨረሻው ቡሉኳቸው አብሯቸው ወረደ። ያን ጥለት የሚያውቅ ሌላ እጅ አልነበረም። ገና ልጅ የነበሩት ድርቤ ይህን ቆመው አዩ።

ነቀምት ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰውና ስፌት ተምረው በጉቴ የእጅ ሥራ መምህርት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. ከመምህር በርናባስ ባቻ ጋር ትዳር መሥርተው ሊሊሴንና ሌንጮን ወለዱ።

ልቅሶ በተሰማበት ሁሉ አዲስ ጋቢ ይዘው ይደርሱ ነበር። መጀመሪያ ከልባቸው ያለቅሳሉ። ከዚያ አዲሱን ለሟች ሰጥተው አሮጌው የእጅ ሥራ ከመቃብር እንዲቀርላቸው ይለምናሉ። ብዙዎች በቁጣ መለሷቸው። የገበያ ሰው «ጋቢህን ጠበቅ አድርግ፣ ድርቤ መጥታለች!» ሲል እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ያገኙትን በእንዶድ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው፣ መታጠፊያው ላይ እንዳይበጠስ በሸንበቆ ይጠቀልሉታል። ልብሱ ሲበዛ መኝታ ቤታቸውን ለቀቁለት። ሳሎን የከረሙት መምህር በርናባስም የሊሊሴን እናት «ሃዳ ሊሊሴ፣ የእኔ እንግድነት መቼ ነው የሚያበቃው?» ይሏቸው ነበር። ያን ክፍል ከፍቶ የገባ ሰው ግን ሳያውቀው ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ድምፁንም ዝቅ ያደርጋል።

በ1998 ዓ.ም. ጉቴ ላይ የአቶ ጋሮማ አባት ሲያርፉ፣ አስከሬኑ በተጠቀለለበት ቡሉኮ ጠርዝ ላይ ያ ጥለት ታያቸው። ሽማግሌዎቹ «የሞተ ሰው ትገፍፊያለሽ እንዴ?» ብለው ጮኹባቸው። እሳቸውም «ይሄ ከተቀበረ አባቴ ሁለተኛ ተቀበረ ማለት ነው» አሉ። አቶ ጋሮማ ቡሉኮውን ከአባታቸው ላይ አነሱ። ወይዘሮ ድርቤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሟቹን ራሳቸው አለበሱ።

ከዚያ ወዲህ ቡሉኮውን ለነቀምት ሸማኔዎች እያሳዩ ጥለቱን ያስሞክሩ ነበር። ፊቱ ሲያምር ጀርባው እየተበላሸ፣ እየተፈታ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ኩላሊታቸውን ታመው ሳለ አቶ ጋሮማ ከእነዚያው ሸማኔዎች ዘንድ አንድ አዲስ ጋቢ አሠርተው አመጡላቸው። ሁለቱንም ገጽ ዳሰሱና «አባቴ መጣ» አሉ።

ወይዘሮ ድርቤ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና አክስታችንን አዳዳ እያልን ያደግን የወንድማቸው ልጆች ቀርተናል።

ሣጥናቸውን እስከ መቃብሩ አፍ የሸፈነው የአባታቸው ቡሉኮ ነው። በኑዛዜያቸው መሠረት ከዚያ ተነሥቶ፣ በሸንበቆው ተጠቅልሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አብሯቸው የሚወርደው የአቶ ጋሮማ ጋቢ ነው። ያ ጥለት አለበት፤ አሁን ግን የሚሠሩት እጆች እዚሁ በመካከላችን ቆመዋል።

ስንቱን ያለበሱ እናት ናቸውና ጌታ ነፍሳቸውን በብርሃኑ ያልብስልን።