አልሞተም ያልሁበት ሰልፍ

ውድ ልጄ አዱኛ፣

ደብዳቤ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ነው የሚጀመረው አሉ። እኔ ደህና አይደለሁም፤ ስለዚህ እንዲሁ ልጀምር። የዳንግላን ሰው አፍ ታውቀዋለህ፣ «እናትህ በቁምህ ሐዘን ለበሰችብህ» የሚልህ አይጠፋም። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔው ስማው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ቻለው። መሠረተ ትምህርት ግቢ፣ ፊደል ቁጠሪ ያሉኝ የቀበሌ ሰዎች ናቸው፤ ቆጠርሁላቸው።

ለጦርነት ያፈሱህ ቀን ማንም ምንም አልነገረኝም። ፈረስህ ባዶ ጋሪውን እየጎተተ ብቻውን መጥቶ በር ላይ ቆመ። አለንጋህ መቀመጫው ላይ ነበር። ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ካንተ አንድ ቃል የለም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ «ለእናት አገር ነው የሄደው» ይሉኛል። እኔስ የማን እናት ነኝ?

ለአብዮት በዓል ሰልፍ ውጡ ተባልን። የቀበሌው ሊቀመንበር ገሠሠ፣ ያ እዚሁ አጠገባችን ያደገው፣ ቤት ድረስ መጣ። «እትዬ ውባለም፣ ሰላማዊ ሰልፍ መብትዎ ነው» አለኝ። «ስም ይጠራል፤ ያልወጣ ግን ይቀጣል።»

«ኧረ ጉድ! ቢቀርብኝ የሚያስቀጣኝ መብት ገና ዛሬ ሰማሁ» አልሁት። ሳቀ።

«መብቴ ከሆነማ ልጄን መልሱልኝ ብዬ ልጩህበታ!»

ሳቁ ጠፋ። «የሚባለው ከላይ ተጽፎ መጥቷል፣ እትዬ» ብሎኝ ወጣ።

እሱ ሲወጣ እታለማሁ ገባች። አንዳርጋቸው ልጇ ካንተ ጋር አይደል የታፈሰው? «እንወጣለን» አለችኝ። «አንጮህም፣ አንናገርም። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ጥለቱን ወደ አንገታችን አድርገን ዝም ብለን እንቆማለን። ሐዘንተኛ ሰልፍ አይውጣ የሚል አዋጅ የለም።»

ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ነው! «በቁሙ ላለ ልጄ? አንቺ ሟርተኛ!» ብዬ አባረርኋት።

አባረርኋት እንጂ ነገሯ አልወጣልኝም። ቁጭ ስል መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ሆነ ሥራዬ። ለፈረሱ ሣር እሰጥና መስጠቴን ረስቼ ደግሜ እሰጠዋለሁ። እንደ ወትሮዬ ለብሼ ብወጣ ልጇን ወዳ ሰጠች ይላሉ። ባዘቀዝቅ ደግሞ በገዛ እጄ ክፉ ልጠራብህ ነው። ምን ላድርግ አዱኛዬ? በሰልፉ ጠዋት የቀበሌው ጥበቃ የምይዘውን መፈክር አመጣልኝ። ፊደል ባልቆጠርሁ ይሻለኝ ነበር፣ አነበብሁት። «ልጆቻችንን በደስታ ሰጥተናል» ይላል። በደስታ! ወስጄ ከፈረሱ እግር ሥር ጣልሁትና ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።

ሜዳው ላይ ስደርስ እታለማሁ አየችኝና እጄን ያዘችኝ። ብቻችንን መስሎኝ ነበር፤ ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጡት ሳይቀሩ ልጅ የተወሰደባት ሁሉ አዘቅዝቃለች። ከክፍለ ሀገር የመጣው ካድሬ መድረኩ ላይ ሆኖ አየንና «ይህ ሁሉ ሐዘንተኛ ምንድን ነው?» ብሎ ገሠሠን ጠየቀው። ድምፅ ማጉያው ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ገሠሠ ላብ በላብ ሆነ። «ትልቅ ሰው ሞቶብን ነው፣ ጓድ» አለ። ለእኛ ብሎ ይሁን ለራሱ፣ እሱ ያውቃል። ካድሬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «እንግዲያውስ ለሟቹ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት!» ብሎ አወጀ።

ሜዳው ሙሉ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ጸጥ አለ። አዱኛዬ፣ አገር ቆሞ አንተን ሲቀብርህ ታየኝ። ዝም እንል ዘንድ ነበር ቃላችን፣ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልሁም።

«አልሞተም!» ብዬ ጮህሁ። «ልጄ አልሞተም! እናንተ ናችሁ የወሰዳችሁት! የት እንዳለ ንገሩኝ!»

እታለማሁ ተከተለችኝ። የገጠሮቹ በአገውኛ ተቀበሉ። «የኔስ? የኔስ?» ሆነ ሜዳው። ከላይ ተጽፎ የመጣውን ማንም አላለውም።

ወዲያው ሰብስበው ቀበሌ አሰሩን። ገሠሠ ራሱን ይዞ «ምነው እትዬ፣ ሰልፉ እኮ የድጋፍ ነበር!» ይለኛል።

«ስታስጮኹን ሕዝብ ነን፣ ስንጮህ ጸረ ሕዝብ ሆንን?» አልሁት።

በማግስቱ ነጠላውን አስተካክላ የለበሰች ትውጣ ተባለ። ሌሎቹ አስተካክለው ወጡ፤ አልፈርድባቸውም፣ ቤታቸው ሕፃን ያለቅሳል። እኔ እንቢ ብዬ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ገሠሠ ሰለቸውና «ይሂዱልኝ!» አለኝ፤ ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ወጣሁ።

አሁንም እንደዚያው ነው። መንገድ ላይ ሰው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይለኛል፤ «አልሞተም፣ አሜን አልልም» እላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ጸጥታ ይመጣብኛል፤ እፈራለሁ ልጄ፣ በጣም እፈራለሁ።

ይህን ወረቀት ከጦር ግንባር ለፈቃድ የመጣው የአዝመራው ልጅ ይዞልኛል፤ ካገኘሁት እሰጠዋለሁ ብሏል። ረጅም አትጻፍ። «አለሁ» ብቻ በል። እሱን ባየሁ ቀን ነጠላዬን ገልብጬ፣ ፈረስህን ጠምጄ፣ ጋሪህ ላይ ቆሜ ገበያውን እዞራለሁ። ለዚያ ሰልፍ ማንም ስሜን መጥራት የለበትም።

ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ የምትጠብቅህ
እናትህ ውባለም
ዳንግላ