ይውረድ የተባለው መጋረጃው ነበር

ለተከበሩ ጓድ ይታየው አንለይ
የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሞጣ

መስከረም ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ? በየምሽቱ መድረክ ላይ ወጥተው ያንኑ ንግግር ሲደግሙ ድምፅዎ እየሻከረ መምጣቱን ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እየሰማን እጅግ አዝነናል። ከቢቸና የመጣነው የኪነት ቡድን አባላት ግን እርስዎ በፈቀዱልን መጠን ደህና ነን።

ይህን ጽሑፍ እንደ ግለ ሂስ እንድጽፈውና ሕዝብ እንዲያነበው በአዳራሹ በር ላይ በዘቡ እጅ እንዳስለጥፈው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የሞጣ ሰዎች ወደ ገበያ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ ብታነቡት ትእዛዝ ማክበራችሁ ነው፤ ማንም አይቆጣችሁም። እኔ አካለ ወልድ እባላለሁ፤ በቢቸና የአማርኛ መምህር ነኝ። የኪነት ቡድኑ ኃላፊ የሆንኩት በአንድ ስብሰባ ላይ ሳስነጥስ አፌን ልሸፍን እጄን ባነሳ ፈቃደኛ መስያቸው ነው። ከዚያ ወዲህ እጅ ማንሳት ምን ያህል መዘዝ እንዳለው አውቃለሁ።

አንደኛ፣ በዘፈን ለሚቀርበው ተውኔታችን ስላደረጉልን እርማት ከልብ እናመሰግናለን። ነገሩ ቀላል ነበር፦ ባላባቱ የገበሬውን በሬ ይነጥቃል፣ በሬውም እስኪመለስ ድረስ እየዘፈነ ባላባቱን እንቅልፍ ይነሳዋል። እርስዎ ግን በሬው የገበሬ ማኅበር አባል መሆን አለመሆኑን ጠየቁ። እኛ እንዲህ ያለውን ጥልቅ ጥያቄ አላሰብነውም ነበርና በቀንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን አባል አደረግነው። ባላባቱ ሕዝብ እንዳያስቅ ብለው ስላዘዙም ንግግሩን ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተናገረ፤ ሕዝቡም በሳቅ ወደቀ። ዘፋኛችን ስሜነሽ ‹ና ና አንተ ሸጋ› ትል የነበረውን ‹ና ና ማዳበሪያ› እንድትል አደረጉ። እሷም ለማዳበሪያው ዓይኗን እየሰበቀች አንጀት በሚበላ ዜማ ዘፈነችው፤ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ባል ብታጣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ መስከረም ፪ በአብዮት በዓሉ ዕለት የሆነውን ልናገር። ተውኔቱ እንዳለቀ እርስዎ አጭር ንግግር ለማድረግ ወደ መድረክ ወጡ። እኛም ከኋላዎ ተሰልፈን ቆምን። በሬው ሁለት ሰው ነው፦ የፊቱ ገላው የሚባለው ልጃችን፣ የኋላው ገብረ ሕይወት። አጭሩ ንግግር ሲረዝም ገብረ ሕይወት ከቆዳው ውስጥ እንደቆመ እንቅልፍ ወሰደው። እርስዎ ውሃ ሊጎነጩ ዝም ሲሉ ሕዝቡ ንግግሩ ያበቃ መስሎት አጨበጨበ፣ ጓዴም ያበቃ መሰለው።

ጓዴ ማለት ልብስ ሰፊያችን ነው። መጋረጃውን ከአቡጄዲ የሰፋውም፣ ገመዱን የሚይዘውም እሱ ነው። ገመዱን ሲለቀው መጋረጃው የበሬው ቀንድ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ገላው ወደ ፊት ይጎትታል፣ ገብረ ሕይወት ባንኖ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ በሬው ለሁለት ሊቀደድ ደረሰ። ያኔ ጓዴ ጨንቆት ከጀርባ ‹ይውረድ! ኧረ በእናታችሁ ይውረድ!› ብሎ በሙሉ ኃይሉ ጮኸ። መጋረጃውን ማለቱ ነበር። ነገር ግን ጓድ ሰብሳቢ፣ ዘንድሮ አንድ ሰው ‹ይው› ብሎ ከጀመረ ቀሪውን ማን ያዳምጣል? ይውደም ስንል፣ ይውደም ስንል እጃችን እኛን መጠየቁን ትቷል። አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን አንስቶ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ‹ይውረድ! ይውረድ! ይውረድ!› አለ። ባልቴቶቹ አሉ፣ በር ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃም ጠመንጃውን ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮ አለ። ከመጋረጃው ወዲያ ፊት ለፊት የሚታዩት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራዎ ጥራት አድናቆቴን እገልጻለሁ። መጀመሪያ የጮኸው ማን እንደሆነ ስሜነሽን ሲጠይቋት ‹ጓዴ ነው› አለች። የትኛው ጓድሽ አሏት፤ ጓዴ ነዋ አለች። ጓዷን አላጋልጥም ብላለች ተብሎ ተመዘገበባት። ምስኪኗ እስክታለቅስ ድረስ ከዚያ ሌላ መልስ አላገኘችም፤ የሰውዬው ስም እሱው ነውና። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ‹ጓዴ እኔ ነኝ› ሲልዎ ደግሞ ማን ጓድ አደረገህ ብለው ይብሱን ተቆጡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሱ በእህል መጋዘን፣ እኛ በዚህ አዳራሽ ተቆልፎብን እንገኛለን።

አራተኛውን ምስጋና ለብቻው ነው የማቀርበው። እውነቱ ይውጣ ብለው ‹ሁኔታው እንዳለ ይደገም› የሚል ባለማኅተም ትእዛዝ ሰጥተዋል። ይኸው በየምሽቱ እየደገምነው ነው። ጓዴ በዘብ ታጅቦ ይመጣል። ገላው ቀንዱን ራሱ መጋረጃው ላይ ይሰካል፣ ገብረ ሕይወት እንዲያንቀላፋ ይታዘዛል። ጓዴ ይጮሃል፣ ሕዝቡም ግራ እጁን አንስቶ ሦስት ጊዜ ይውረድ ይላል። የሞጣ ሰው እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ከየት አግኝቶ ያውቃል! ያን ዕለት ያልነበሩት ሁሉ ከቀራንዮ ከተማ ድረስ እየመጡ ቦታ ሳይሞላ ገብተው ይጠብቁዎታል። እርስዎም ዙሪያውን ቃኝተው፣ የጎደለ ነገር አለ፣ የዚያን ዕለት እንዲህ አልነበረም ይሉና ለነገ ይቀጥሩናል። ጓዴም ወደ መጋዘኑ ይመለሳል።

ጓድ ይታየው፣ ቀልዱን ልተወውና፣ ጨንቆናል። መስኮቶቹ በምስማር ተመተዋል። ሌሊት የምንለብሰው የበሬውን ቆዳ ነው፤ ሽታው ከሰውነታችን አልለቅ ብሏል። የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ሆታውን በግድግዳ በኩል ሰማነው እንጂ አላየነውም። ድሮ ሰው ሲስቅልን ደስ ይለን ነበር፣ አሁን ሳቅ ስንሰማ ጆሯችንን እንይዛለን። እኔ ራሴ በእንቅልፌ ግራ እጄን አንስቼ ስጮህ ስሜነሽ ቀስቅሳኛለች። ከዚህ ቤት በጤና የምንወጣ አይመስለኝም።

ከእኛ ሁሉ ግን የባሰው ጓዴ ነው። ወደዚህ ስንመጣ ሚስቱ አምሳለች ገና በወለደች በሳምንቷ ትቷት ነው የወጣው። የልጁ አርባ ቀን በዚህ ሳምንት ይሞላል፣ ክርስትና መነሳት አለበት። ጓዴ የልጁን ፊት በቅጡ አላየውም። አፍንጫው እኔን ይመስላል ወይስ እሷን እያለ በየምሽቱ ገመዱን እንደያዘ ይጠይቀኛል፤ እኔም አላየሁትምና አንተን ነው እለዋለሁ።

አምሳለች በመንገደኛ መልእክት ልካለች። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላቅርብ፦ አባቱ ለክርስትናው ካልደረሰልኝ የልጁን ስም ‹ይውረድ› እለዋለሁ፣ እንግዲህ ከልካይ ካለ ይምጣና ይከልክለኝ ብላለች። የአራስ ነገር ነው ብዬ ልንቀው አስቤ ነበር። ኋላ ግን ነገሩን አሰብኩት። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት መምጣቱ አይቀርም፣ ስም ጠሪው ደግሞ እኔ ነኝ። የተማሪ ስም ከነአባቱ ነው የሚጠራው። በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ‹ይውረድ ጓዴ!› ልል ነው። ተማሪው ሁሉ ግራ እጁን አንስቶ ሦስት ጊዜ ቢመልስልኝ ምን አደርጋለሁ? እርስዎስ በየትኛው አዳራሽ ያስደግሙታል?

ስለዚህ ጓዴን ይፍቱልን። እኛን ማቆየት ከፈለጉ ያቆዩን፤ በሬውም ይቆይ፣ አባል ነውና። እሱ ግን ለልጁ ይድረስ።

በየምሽቱ የሚደግሙትን ንግግርዎን ከነሳልዎ በቃሌ የያዝኩት፣ የተፈቀደልኝን ያህል የምተነፍሰው ትሑት አገልጋይዎ፣

መምህር አካለ ወልድ
ከተዘጋው በር በስተውስጥ

ማሳሰቢያ፦ በየምሽቱ የጎደለ ነገር አለ ማለትዎ ትክክል ነው። እኛ ከጀርባዎ ስለነበርን ምን እንደጎደለ እናውቃለን፣ ሕዝቡም ያውቃል፤ የሚስቀውም ለዚሁ ነው። ያን ዕለት ጓዴ ሲጮህ መጀመሪያ ግራ እጁን አንስቶ በድምፅ ማጉያው ‹ይውረድ!› ያለው እርስዎ ነዎት፤ አዳራሹ የተከተለው እርስዎን ነው። ትእዛዝዎ ሁኔታው እንዳለ ይደገም ስለሚል ዛሬ ማታ እጅዎን እንዳይረሱት በትሕትና አሳስባለሁ።